ተጠይቀው ነው ወይስ ተነግሯቸው? የአምስት ቀን የጅማ ጉዞ ማስታወሻ

ረቡዕ

ከአዲስ አበባ የወጣነው ሳይነጋ ነው። አብራኝ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት። አሜሪካ፣ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ኢታካ በምትባል ትንሽ ከተማ አሥራ ስድስት ዓመት ኖራለች። ኒው ዮርክ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ፎቅ ብቻ ነው። እሷ ያለችበት አካባቢ ግን ላም የሚታለብበት፣ በቆሎ የሚዘራበት ገጠር ነው። የመጣችው ጋሼን ለማየት ነው። ጋሼ የእናቶቻችን ታላቅ ወንድም ናቸው። ጅማ ዞን፣ ደዶ ወረዳ ውስጥ ቡና አላቸው።

መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወሊሶ ላይ ቁርስ በላን። ወልቂጤ ሻይ ጠጣን። ከዚያ ወደ ግቤ ሸለቆ ቁልቁል ሲወረድ ጆሮ ይደፈናል፣ ሹራብ ይወልቃል። ድልድዩን ተሻግረን ሽቅብ ስንያያዘው አገሩ እንደገና አረንጓዴ ሆነ። ኅዳር ነው። ዝናቡ ቢቆምም ሣሩ ገና አልደረቀም።

ከሰኮሩ በኋላ የግልገል ግቤ ሐይቅ ታየ። ግድቡ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ መብራት ያመነጫል፤ አቅሙ 184 ሜጋ ዋት ነው። ከጎናችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት ውሃውን በጣታቸው አሳዩንና «አባቴ የሚያርሰው እዚያ ታች ነበር» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ሐይቁ ከዓይን እስኪሰወር ድረስ ግን ወደዚያው ሲያዩ ነበር።

ጅማ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። ዘመድ ቤት አረፍን።

ሐሙስ

ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ቀን ነው። ማር፣ ኮረሪማ፣ ሦስት እግር በርጩማ፣ የሰው ግፊያ። ለጋሼ ስኳርና ጋቢ ገዛን።

ከሰዓት ጅሬን ወጣን። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ገዝተዋል። ለምኒልክ ገብረው አገራቸው በራሷ እንድትተዳደር ያደረጉ ሰው ናቸው። ከእንጨት ቤተ መንግሥታቸው ሰገነት ላይ ሆኖ ዙሪያውን ማየት ያስደስታል። የአክስቴ ልጅ ኮረብታዎቹን ስታይ ቆየችና «የእኛም ሰፈር እንዲህ ነው» አለች። ከዚያ ወሬው መጣ።

እ.ኤ.አ. በ2010 እና 2011 አካባቢ መንደሩ ለሁለት ተከፍሎ ነበር አለችኝ። አንዱ ግቢ በር ላይ ፍራኪንግን፣ ማለትም ድንጋይን በውሃ ግፊት ሰንጥቆ ጋዝ ማውጣትን፣ የሚቃወም ሰሌዳ ይተከላል። ቀጥሎ ያለው ግቢ ላይ ደግሞ ጋዙ ይውጣ የሚል። ሃያ ዓመት የተጎራበቱ ሰዎች ሰላምታ ተዉ። «ቡና የሚጠራሩ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ እዚያ አይደርሱም ነበር» አለች። እውነቷን ይመስለኛል።

ፍራኪንግ የሚለውን ቃል ሰምቼ አውቃለሁ። ሰው ከጎረቤቱ የሚያጣላ ነገር መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

ዓርብ

ወደ ደዶ የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው። ከጅማ በስተደቡብ እየራቅን በሄድን ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል። የጋሼ ቤት ዳገቱን አልፎ፣ ወደ ቆላው ቡና በሚያበቅለው በኩል ነው። ስንደርስ ለቀማ ላይ ነበሩ። ቀይ እሸት በቅርጫት፣ ማድረቂያው አልጋ ላይ ደግሞ ጀንፈል ተሰጥቷል። ጋሼ የአክስቴን ልጅ አቅፈው ለረጅም ጊዜ አልለቀቋትም።

ጎረቤታቸው ሐጂ ከጁምዓ ሲመለሱ ቡና ተፈላ። አቦል ላይ ወሬው የቤተሰብ ነበር። ቶና ላይ ጋሼ ጠየቁ።

«ልጄ፣ እዚህ ስለ ከሰሉ ስብሰባ ይጠራል ይባላል። ወጣቶቹ ደግሞ ከድንጋዩ ነዳጅም ጋዝም ይወጣል፣ አሜሪካ እንዲህ ነው ያደረገው ይላሉ። አንቺ እዚያ ነሽና ታውቂዋለሽ።»

ጥያቄው ከባዶ የመጣ አይደለም። ጅማ ዞን ውስጥ ደልቢ ሞዬ የሚባል ተፋሰስ አለ። የድንጋይ ከሰል አለው፤ ከከሰሉ ጋር ዘይት አዘል ድንጋይም ይገኝበታል። ጂኦሎጂስቶች ለረጅም ጊዜ ያጠኑት ቦታ ነው። ስለዚህ እዚህ አገር «ከእግራችን ሥር ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ሁለቱን ለየችላቸው። ዘይት አዘል ድንጋይ ውስጥ ያለው ነገር ገና ዘይት አልሆነም። ድንጋዩ ወጥቶ እስከ 500 ዲግሪ ገደማ ካልተሞቀ ዘይት አይሰጥም። ፍራኪንግ ሌላ ነው። እዚያ ጋዙ ወይም ዘይቱ ተሠርቶ አልቋል፤ ግን ሼል በሚባል ጥቅጥቅ ያለ ድንጋይ ውስጥ ታስሯል። ስለዚህ ቁልቁል ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ይቆፈራል። ከዚያ ቁፋሮው ይታጠፍና ድንጋዩን ተከትሎ አግድም ይሄዳል። ጉድጓዱ በብረት ቱቦና በሲሚንቶ ይለበጣል። በመጨረሻ ውሃ፣ አሸዋና ጥቂት ኬሚካል በከባድ ግፊት ይለቀቅበታል። ድንጋዩ ይሰነጠቃል። አሸዋው ስንጥቁ እንዳይዘጋ ይይዘዋል። ጋዙ ይወጣል።

«ውሃው ስንት ነው?» አሉ ሐጂ።

«ለአንድ ጉድጓድ 15 ሚሊዮን ሊትር ሊሆን ይችላል። ከዚያም ይበልጣል።»

ቁጥሩ ለማንኛችንም አልታየንም። እኔ በስልኬ አሰላሁት። 10 ሺህ ሊትር የሚጭን ቦቴ 1,500 ጊዜ መመላለስ አለበት። ሐጂ የመጣንበትን የዳገት መንገድ ዞር ብለው አዩ።

ከዚያ የገንዘቡ ነገር መጣ። አሜሪካ ውስጥ በብዙ ቦታ ባለመሬቱ የከርሰ ምድሩም ባለቤት ነው። ኩባንያው መጥቶ ያከራዩኝ ይለዋል። ሲፈርም ገንዘብ ያገኛል፤ ጋዝ ከወጣም ድርሻ አለው። በጎረቤት ግዛት በፔንስልቬንያ ሕጉ ከስምንት አንድ እጅ እንዳያንስ ያዛል።

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «በጃንሆይ ጊዜ ባላባቱ ሲሶ ይወስድ ነበር። እዚያ ደግሞ ባለመሬቱ ራሱ ስምንተኛ ነው የሚያገኘው?»

«ለብዙዎቹ ስምንተኛውም ሕይወት ነበር ጋሼ» አለች። የወተት ዋጋ ወድቆ፣ ዕዳ ውስጥ ገብተው፣ የአያት የቅድመ አያታቸውን እርሻ ሊሸጡ የነበሩ ሰዎችን ታውቃለች። እነዚህን ሰዎች ስግብግብ ማለት ግፍ ነው አለች። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ዕዳ ያለበት ገበሬ ገንዘብ ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል?

ያልፈረመውስ? በኒው ዮርክ ሕግ ለአንድ ጉድጓድ ከተከለለው መሬት 60 በመቶው ከተያዘ፣ የቀረው ባለመሬት ባይፈልግም ከሥሩ ያለው ጋዝ አብሮ እንዲወጣ ሊደረግ ይችላል። ይህን ስትል ቤቱ ዝም አለ።

«እና አገሬው ተጠይቆ ነው ወይስ ተነግሮት?» አሉ ጋሼ።

ይህች ጥያቄ እስከ እሑድ ድረስ ከእኛ አልተለየችም።

የአክስቴ ልጅ የድራይደንን ነገር ያወራችው በረካ ላይ ነው። ድራይደን ከኢታካ አጠገብ ያለች፣ 14 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት አካባቢ ናት። ኩባንያዎች ከ8 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት በኪራይ ይዘውባት ነበር። ነዋሪዎቹ ሲነቁ በሩ የተዘጋ መሰላቸው። የግዛቱ ሕግ የጋዝ ሥራን መቆጣጠር ለግዛቱ ብቻ ሰጥቷል። የአካባቢ ምክር ቤት አያገባውም።

ያን ጊዜ ሄለን ስሎትጂ የምትባል ጠበቃ ከባለቤቷ ጋር ሕጉን እንደገና አነበበች። ያገኘችው ነገር ቀላል ነው። ሕጉ የሚከለክለው ሥራው እንዴት ይሠራ የሚለውን መቆጣጠር ነው። መሬታችን ለምን ይዋል የሚለውን መወሰን ግን የአካባቢው ሥልጣን ነው። የት መኖሪያ ይሁን፣ የት ገበያ፣ የት ፋብሪካ ብሎ የሚወስን አካል፣ እዚህ ቁፋሮ አይሁን ሊል ይችላል። ባልና ሚስቱ ለመንደሮቹ የሠሩት ያለ ክፍያ ነው። ሄለን እ.ኤ.አ. በ2014 የጎልድማን የአካባቢ ሽልማትን አግኝታበታለች።

የድራይደን ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ከ1,500 በላይ ፊርማ ሰበሰቡ። ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2011 ላይ በሙሉ ድምፅ ቁፋሮን ከለከለ። በሳምንታት ውስጥ ተከሰሱ። ሚድልፊልድ የምትባል ሌላ መንደርም እንዲሁ ከልክላ ነበር፤ እሷን የከሰሳት ደግሞ መሬቱን ያከራየ የራሷ የወተት እርሻ ነው። ሁለቱም ጉዳዮች እስከ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄዱ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2014 አምስት ዳኞች ለመንደሮቹ፣ ሁለት ዳኞች በተቃራኒው ፈረዱ። መንደሮቹ አሸነፉ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የኒው ዮርክ ግዛት ራሱ ፍራኪንግን እንደሚያግድ አስታወቀ።

ሐጂ በረጅሙ ተነፈሱ። «ሕጉን ድጋሚ ያነበበ ሰው ነው ያዳናቸው» አሉ።

ቅዳሜ

ጠዋት ጋሼ ወንዝ እናሳያችሁ አሉን። ትንሽ ወንዝ ናት። በበጋ በድንጋይ ላይ ዘለው የሚሻገሯት። ስንቀርብ ግን ሽታው ቀድሞ ተቀበለን። የኮመጠጠ፣ የበሰበሰ ሽታ። ውሃው ቡናማ ነው፤ ጠርዝ ጠርዙ ላይ አረፋ ይዟል።

ከላይ የእሸት ቡና ማጠቢያ አለ። እሸቱ ሲፈለፈል ገለፈቱና ስኳራማው ውሃ ይቀራል። ያ ውሃ ሳይጣራ ወንዝ ከገባ ይኮመጥጣል፤ ውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅንም ይጨርሳል። ዓሣው ይሞታል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዞኑ ወንዞች ላይ ደጋግመው ያጠኑት ችግር ነው። ማጠቢያው ለገበሬው ጥሩ ነገር አለው፤ የታጠበ ቡና የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ጋሼም ራሳቸው እሸት ያስረክባሉ። ግን በለቀማ ወራት የታችኛው መንደር ሴቶች ውሃ ፍለጋ አንድ ሰዓት ይሄዳሉ።

«ሲተከል ስብሰባ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ነበር። የግንዛቤ ማስጨበጫ ተብሎ ተጠርተው ሄዱ። ጥቅሙ ተነገራቸው። ጥያቄ ያለው ተባለ፤ ሁለት ሰው ስለ ውሃው ጠየቀ፤ ይታሰብበታል ተባለ። ሲወጡ የተገኙበትን ወረቀት ፈረሙ። ከዓመት በኋላ ሽታው ሲጀምር አቤት ለማለት ሄዱ። የተሰጣቸው መልስ ቃለ ጉባኤ ነበር። ተስማምታችኋል፣ ፊርማችሁ ይኸው ተባሉ። ጋሼ ፊርማቸውን አወቁት። መምጣታቸውን ለማሳየት የፈረሙት ፊርማ መስማማታቸውን ለማሳየት ተያይዟል።

«ከዚያ ወዲህ ወረቀት ላይ አልፈርምም» አሉ። «የእድሩንም ቢሆን። ጸሐፊው ስሜን ይጽፋል፤ እኔ አልፈርምም።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ንዴት አልነበረም። እኔን ግን ቀኑን ሙሉ ያናደደኝ ይኸው ነው። ሰው ተጠርቶ ሲመጣ አክብሮ ነው የመጣው። ሲፈርም አምኖ ነው የፈረመው። ያንን እምነት ወስዶ በራሱ ላይ ማስረጃ ማድረግ ከሽታው የባሰ ነገር ነው።

ማታ እሳት ዳር የአክስቴ ልጅ ስለ ዲሞክ ነገረችን። ዲሞክ ፔንስልቬንያ ውስጥ ያለች ትንሽ ገጠር ናት። ሰዎቹ ፈረሙ፣ ቁፋሮው ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ቀን ላይ የአንዲት ነዋሪ የውሃ ጉድጓድ ፈነዳ። ሚቴን ጋዝ ወደ መጠጥ ውሃቸው ሾልኮ ገብቶ ነበር። ነገሩ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ዞረ። ኩባንያው ክሱን ላለመከራከር የወሰነው በ2022 መጨረሻ ነው፤ ለአዲስ የውሃ መስመር ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ በተጨማሪም የነዋሪዎቹን የ75 ዓመት የውሃ ሂሳብ ለመክፈል ተስማማ። ከፍንዳታው 14 ዓመት ሊሞላ ሲል ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙ ቤተሰብ ውሃ ተጭኖለት ነው የኖረው።

ፍራኪንግ የነካው ውሃ ሁሉ ይበላሻል ማለት አይደለም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ትልቅ ጥናት ያለው፣ በአንዳንድ ሁኔታዎች የመጠጥ ውሃን ሊጎዳ ይችላል ነው። የሲሚንቶው ልባጥ ሲሳሳ፣ የሚመለሰው ጨዋማ ውሃ ሲፈስ፣ ውሃ በሌለበት አካባቢ ብዙ ውሃ ሲቀዳ። ጋሼ ይህን በጥሞና ሰሙ። «ሊጎዳ ይችላል ከተባለ፣ የሚጠጣው ሰው ነው መጠየቅ ያለበት» አሉ።

እሑድ

የወሩ የእድር ስብሰባ ነበር። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚሰበሰብበት እድር ነው። መዋጮ ተሰበሰበ፣ ድንኳኑ ይጠገን ተባለ። መጨረሻ ላይ ጋሼ ተነሥተው የእህቴ ልጅ የምትለው አላት አሉ። እሷም የድራይደንንና የዲሞክን ነገር በአጭሩ ተናገረች። እዚህ ፍራኪንግ ይመጣል ለማለት እንዳልሆነ ደግማ ደጋግማ ተናገረች።

መጀመሪያ የተነሣው የእድሩ ጸሐፊ ነው። ወጣት ነው። ዲግሪ ይዞ ሥራ ካጣ ሦስት ዓመቱ።

«እህቴ፣ አክብሬ ነው የምናገረው» አለ። «እነሱ መብራት አላቸው፣ መንገድ አላቸው፣ ጋዙ ቢቀርባቸው ምንም አይሆኑም። እኛ በእንጨት ነው የምናበስለው። ጫካውን እየጨረስነው ያለነው እኛው ነን። ከሰልም ሆነ ጋዝ ከመሬታችን ቢወጣ፣ እኔ ሥራ ባገኝ ምን ክፋት አለው? ሁሉን እምቢ ካልን ልጆቻችን አዲስ አበባ ለቀን ሥራ መሄዳቸው ነው።»

ብዙ ሰው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ይህ ልጅ ያለው እውነት ነው፤ ማንም ተነሥቶ ሊያጣጥለው አይገባም። የአክስቴ ልጅም አላጣጣለችም። «እምቢ በሉ አላልኩም» አለች። «እዚያ እሺ ያሉም አሉ። ፔንስልቬንያ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ኩባንያዎቹን በየጉድጓዱ ታስከፍላለች፤ ገንዘቡ ለየወረዳው ይደርሳል፣ መንገድ ይሠራበታል። እኔ የምለው፣ እሺም እምቢም ከእናንተ አፍ ይውጣ ነው።»

«ከአፋችን ቢወጣስ ማን ይሰማናል?» አሉ አንዲት እናት ከኋላ።

እሷም የዴንተንን ነገር ነገረቻቸው። ዴንተን ቴክሳስ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2014 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ከመቶ 59 እጅ ገደማው ፍራኪንግ ይቁም አለ። በቀጣዩ ዓመት ግንቦት የቴክሳስ ግዛት ከተሞች እንዲህ ያለ ክልከላ እንዳያወጡ የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ክልከላው ተሻረ። እናትዮዋ «ይኸው!» አሉ። የአክስቴ ልጅ መልስ አልነበራትም፤ እንዳላትም አላስመሰለችም።

እኔም ያን ጊዜ ነው እጄን ያነሣሁት። የእኛ አገር ገበሬ የከርሰ ምድር ባለቤት አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬትም የተፈጥሮ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ስለዚህ የድራይደን ገበሬ የነበረው የኪራይ ውል እኛ ጋ የለም። ያለን ድምፃችን ነው። ያ ድምፅ ደግሞ በሕግ የተጻፈ ነው። አንቀጽ 43 ሕዝብ እሱን በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት አለው ይላል። አንቀጽ 92 ስለ አካባቢ ይህንኑ ይደግማል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ይህን ስናገር ጸሐፊው ከስልኩ ላይ አንቀጾቹን ሲፈልግ አየሁት። አገኛቸው። ጮክ ብሎ አነበበ። ሐጂ «ድገመው» አሉት። ደገመው።

ከዚያ ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ። ስብሰባው ቢጠራ ምን እንጠይቅ ሆነ። ጥናቱ የት አለ? ውሃው ከየት ይመጣል፣ ወዴትስ ይሄዳል? ሥራው ስንት ዓመት ይቆያል፣ ስንት ሰው ከእኛ ይቀጠራል? ወንዟ ብትበላሽ የምንሄደው ወደ ማን ነው? ሥራውን የደገፈው ጸሐፊ ከሁሉም በላይ ብዙ ጥያቄ አወጣ። እናቶቹ የውሃውን ጥያቄ ከሁሉ ፊት አስቀደሙት።

ስብሰባው ሲያበቃ እንደ ልማዱ የተገኙ አባላት ወረቀት ዞረ። ጸሐፊው ግን ከማዞሩ በፊት አፍታ ቆመ። ጋሼን አየት አደረገ። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከስሞቹ በላይ አንድ መስመር ጻፈ። «ይህ ፊርማ መገኘትን እንጂ መስማማትን አያመለክትም።» ለወረዳውም ስብሰባ እንዲህ ጽፈን ካልሆነ አንፈርምም አለ።

ወረቀቱ ጋሼ ጋ ደረሰ። ስማቸው ተጽፏል፤ አጠገቡ ያለው ቦታ እንደወትሮው ባዶ ነው። መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ከላይ የተጻፈውን አነበቡት። አንዴ ደግመው አነበቡት። ከዚያ እስክሪብቶ ስጡኝ አሉና ፈረሙ።